የልማት ማስተርስ፦ የአንድ ዓመቱ፣ የሁለት ዓመቱ ወይስ የሙያው?

የልማት ማስተርስ መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ስሙ ለጊዜው ይቆየን። በዚህ መስክ ስማቸው ተቀራርቦ ውስጣቸው የማይገናኝ ትምህርቶች አሉ። አንድ ጥያቄ ይዘን ሦስት ክፍል ብንገባ ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል።

ጥያቄው የአጎበር ነው። ኬንያ ውስጥ በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የተሠራ፣ በ2010 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። አጎበር በነጻ ይታደል ወይስ በትንሽ ዋጋ ይሸጥ? ዋጋው ከዜሮ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል የወሳጆቹ ቁጥር በ60 የመቶኛ ነጥብ ወረደ። በሳንቲም!

የመጀመሪያው ክፍል የቁጥር ነው። መምህሩ «ይህን በምን አወቅን?» ይላል። የትኛው ክሊኒክ በየትኛው ዋጋ እንደሚሰጥ በዕጣ ተወሰነ ወይ? ናሙናው በቂ ነው? ማታ ቤት ስትገቡ ዳታው ኮምፒውተራችሁ ላይ ይጠብቃችኋል። የሃርቫርድ ኬነዲ ስኩል የሁለት ዓመት የሕዝብ አስተዳደርና ዓለም አቀፍ ልማት ፕሮግራም ከዚህ ወገን ነው። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማክሮ ኢኮኖሚክስና ካልኩለስ ሳይዙ አይሞከርም። በሁለቱ ዓመታት መሃል ያለው ክረምት የተግባር ልምምድ ነው። ለብዙ ሰው ሥራ የሚገኘው እዚያ በሚተዋወቀው ሰው በኩል ስለሆነ፣ እኔ ከትምህርቱ እኩል የምቆጥረው ይህን ክረምት ነው።

ሁለተኛው ክፍል የብሪታንያ ባህል ነው። እዚህ ጥያቄው ይገለበጣል። ለመሆኑ አጎበር ይሸጥ ብሎ ያሰበው ማን ነው? ገንዘቡ የማን ነው? ሴቶቹን የጠየቀ አለ? በ1966 የተቋቋመው የሰሴክሱ የልማት ጥናት ኢንስቲትዩት፣ የለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ፣ ማንቸስተር፣ የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ ቢኖራቸውም ፖለቲካውንና ታሪኩን አጥብቀው ይይዛሉ። በ1952 የተመሠረተው የኔዘርላንዱ የሄግ ከተማ የማኅበራዊ ጥናት ተቋምም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በተለይ የመሬትና የገበሬ ጉዳይ የሚያንገበግበው ሰው እዚያ ቤቱን ያገኛል። ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲዎችን በሚያወዳድረው በኪውኤስ ደረጃ በልማት ጥናት ለዓመታት አንደኛ ሲባል ቆይቷል። ግን ልብ በሉ፣ ደረጃው ተቋሙ በምሁራን ዘንድ ካለው ዝና ብዙ ይወስዳል። እናንተ በየትኛው ኮርስ ምን እንደምትማሩ አይነግራችሁም።

የብሪታንያው ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፤ ትልቁ ችግሩም ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ትገባላችሁ። ከተማውን ሳትለምዱ ጽሑፍ ማስረከቢያው ይደርሳል። ክረምት ሲመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከዚያ በቃ፣ አለቀ። ረጅም የመስክ ጥናት የሚያልም ሰው እዚህ ይበሳጫል። የኦክስፎርድ ኤምፊል የሚባለው የልማት ጥናት ማስተርስ ግን ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም እስከ 30,000 ቃል ይደርሳል። ፒኤችዲ ለሚያስብ ሰው ያለማመንታት እሱን እመርጥለታለሁ። ሥራ ላይ ያለና ቶሎ መመለስ የሚፈልግ ግን የአንድ ዓመቱን ቢይዝ አይጸጸትም።

ሦስተኛው ክፍል ስሙ ልማት እንኳ አይደለም። የሕብረተሰብ ጤና ነው። ትንኟ የአጎበሩን መድኃኒት ለምዳዋለች ወይ? አጎበሩ ስንት ዓመት ይቆያል? ለስንት ሰው አንድ ይደርሳል? ግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የውሃ ምህንድስና፣ የትምህርት ዕቅድም እንደዚሁ ናቸው። ነርስ ወይም መሐንዲስ የሆነ ሰው ሙያውን ትቶ ወደ አጠቃላይ የልማት ማስተርስ ሲሄድ ሳይ ትንሽ ይከነክነኛል። ያለውን እጁ ላይ ይዞ ቢያጠልቀው ይሻለው ነበር።

ምክንያቱም የሥራው ገበያ ተለውጧል። የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሐምሌ 2025 ላይ ተዘጋ። ብሪታንያ የዕርዳታ በጀቷን በ2027 ወደ ብሔራዊ ገቢዋ 0.3 በመቶ አወርዳለሁ ብላለች፤ በፊት 0.7 ነበር፣ በ2021 ወደ 0.5 ወርዶ ነበር። ከሥራ የወጡት ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዚያው ወንበር ያመለክታሉ። «ስለ ልማት በሰፊው አውቃለሁ» የሚል ሲቪ ከነሱ ጋር ሲሰለፍ ይከብደዋል። ዳታ የሚተነትን፣ ኦዲት የሚገባው ወይም ክትባት የሚያጓጉዝ ግን አሁንም ይፈለጋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን መፈተን ካሻችሁ የኤምአይቲ የኦንላይን ኮርሶች አሉ። በልማት ኢኮኖሚክስና በዳታ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ካስተማሩት መካከል በ2019 ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ይገኛሉ። ለሰርተፊኬቱ የሚከፈለው በገቢ መጠን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አይጠየቅም። ኮርሶቹን በጥሩ ውጤት የጨረሰ በአካል ለሚሰጠው ማስተርስ ማመልከት ይችላል። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ስታቲስቲክሱ ያላብሳል።

ስኮላርሺፕ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ምርጫውን ከሁኔታዎቹ ቢጀምር ይሻላል። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ መመለስ አለባችሁ። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት፣ የዳአድ፣ የልማት ስኮላርሺፕም ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ዲግሪው የቆየ እንዳይሆን ገደብ አለው። ቼቭኒንግ የሚከፍለው ደግሞ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻ ነው። ያንን የኦክስፎርድ ኤምፊል ልባችሁ ከወደደው፣ ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ሌላ ከፋይ ፈልጉ።