ትንሿ የጂንስ ኪስ ምን ትይዛለች?

ከቀኝ የፊት ኪስ ውስጥ ብቅ የምትለው ትንሽ ኪስ እ.ኤ.አ. በ1873 ሊቫይስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሱሪ ላይ ለኪስ ሰዓት ተብላ የተሰፋች ናት። ዛሬ ለሳንቲም፣ ለአንዲት የበር ቁልፍ ወይም አራት ቦታ ለታጠፈ የወረቀት ገንዘብ ከትልቁ ኪስ ትሻላለች፤ የገባባት ነገር አይንከላወስም፣ በቀላሉም አይወድቅም። ፍላሽ ዲስክም ይገባል፤ ክዳን ከሌለው ግን ብናኝ አፉን ይደፍነዋል። የመኪና ሪሞት አይመከርም፤ ሲቀመጡ ጨርቁ ተወጥሮ ቁልፉን ይጫነዋል። ክኒን ደግሞ በላብና በሙቀት ይበላሻል።

ትልቁ ጉድለቷ ጀርባዋ ከሱሪው ጋር የተሰፋ መሆኑ ነው፤ እንደሌሎቹ ኪሶች አትገለበጥም። ስለዚህ ከማጠብ በፊት የቀረ ነገር እንዳለ ለማወቅ ታችኛውን ጥግ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት። ስትገዙም ሁለት ጣት ከትታችሁ ሞክሩ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ካልገባ ኪሷ ለጌጥ ናት።