የእናቴ ክንድ ዙሪያው 35 ሳንቲ ሜትር ነው

ይህን ቁጥር ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ 1,800 ብር አላባክንም ነበር። መጀመሪያ የገዛሁላት የደም ግፊት መለኪያ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ እንደ ሰዓት የሚያምር። እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ስትለካ የላይኛው ቁጥር 168 ይላል፣ ደረቷ ትይዩ ከፍ ስታደርገው 149። ለካስ እጅ ከልብ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይጨምራል። መመሪያው ይህንን ጽፎታል፣ በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ የክንዷን ዙሪያ ለካሁ። የብዙዎቹ መለኪያዎች ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ክንድ የተሠራ ነው፤ ለእሷ ይጠባል፣ የጠበበ ማሰሪያ ደግሞ ግፊቱን ከእውነቱ አስበልጦ ያሳያል። ደሴ ውስጥ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ «ሁሉም አንድ ነው» ብለው ሸኙኝ። ሦስተኛው ከመደርደሪያው ኋላ 22–42 የሚል ካርቶን አወጣና ገንዘብ ሳይቀበለኝ በራሴ ክንድ ላይ ሞክሮ አሳየኝ። 4,200 ብር ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም።

እነሆ ስምንት ወር ሆነው። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ከሰኞ ገበያ ስለተማረች ራሷ ታነባለች። ጤና ጣቢያ ወስጄ ነርሷ በእጅ ከሚነፋው ጋር አስተያየችልኝ፦ የነርሷ 146 በ88፣ የእኛ 150 በ90። ይህን ያህል ልዩነት ምንም አይደለም አለችኝ።

የማልወድለት ነገር ድምፁ ነው። ገና ሲጀምር በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይላል፤ እናቴ ደግሞ ሰላምታ ሳይመለስ አይቀርም ባይ ናትና ትመልስለታለች። እየተለኩ ማውራት ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ድምፁን የሚያጠፋውን ቁልፍ ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሌላው፣ የሁሉንም ሰው ውጤት አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ወንድሜ ለጨዋታ የተለካው 118 ከእሷ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ቀን በከንቱ ደስ አሰኝቶናል። ስለዚህ ደብተር ይዘናል።

ከባዱ መሣሪያው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ሊያልፍ ይገባል፤ እኛ ቤት ከአቦል እስከ በረካ እንዲህ ያለ ግማሽ ሰዓት የለም፣ ለዚያውም ጨው ያለበት ቡና! ስለዚህ ጠዋት ጀበናው ሳይጣድ፣ ክኒኗንም ሳትውጥ፣ ወንበር ላይ ጀርባዋን አስደግፋ አምስት ደቂቃ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ነው የሚከብዳት። ከዚያ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ማታም እንዲሁ።

ዋጋውን ያወጣው አንድ ማለዳ ነው። «ራሴን አላመመኝም» ብላ መድኃኒቷን ለሦስት ሳምንት ትታው ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም። መለኪያው 172 በ98 አለ። እናቴ ደግማ አስለካችኝ፣ ከዚያ «ደህና ነኝ እኮ!» አለች፣ መሣሪያውን እየተቆጣች። ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ያለማቋረጥ እንድትወስደው አዘዛት፣ ደብተሩንም አገላብጦ አየና ቤት ውስጥ ሲለካ ወሰኑ 140 በ90 ሳይሆን 135 በ85 እንደሆነ ነገረን። የጨው ነገርም ተነሣ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ ሳትሞላ። እናቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቡናውን በልቧ ደመረችና ዝም አለች። ከቡናው ጀመርን፤ ጎረቤት ሲመጣ ጨው ለብቻው ይቀርባል።

አሁን የላይኛው ቁጥር አብዛኛውን ቀን ከ130 እስከ 136 ነው። የማሰሪያው ማጣበቂያ ግን መላቀቅ ጀምሯል፤ ማሰሪያውን ለብቻው የሚሸጥ ደሴ ላይ አላገኘሁም። ኮምቦልቻ ያገኘ ካለ ዋጋውን ይንገረኝ።