ከቃሊቲ እስከ ገላን ላለ ግቢ የሚሆን የትራንክ ስዊች፦ ያገለገለ ሲስኮ፣ ሚክሮቲክ ወይስ ቲፒ-ሊንክ?

ከቃሊቲ አልፎ ወደ ገላን ባለው መንገድ ዳር ለሚገኝ መካከለኛ ግቢ ብዙ ጊዜ ሁለት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበት መሣሪያ) ይበቃዋል፤ አንዱ ለቢሮው፣ ሌላው ለመጋዘኑ ወይም ለጥበቃ ቤቱ። ቪላን ማለት በአንድ ስዊች ላይ ተለይቶ የሚሠራ ኔትወርክ ነው፤ ትራንክ ደግሞ ብዙ ቪላኖችን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ መስመር። በሁለቱ መካከል በሚዘረጋው አንድ ትራንክ የቢሮው ቪላን 10፣ የካሜራው 20 እና የስልኩ 30 አብረው ያልፋሉ። ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው የፖርት ብዛት ነው። መቅደም ያለበት ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትራንኩ እንደነበረ ይነሳል ወይ የሚለው ነው።

ሲስኮ ላይ የተሠራ ለውጥ «ራይት ሜሞሪ» ካልተባለ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ኤስጂ108ኢም «አፕላይ» ብቻ አይበቃውም፤ «ሴቭ ኮንፊግ» መጫን አለበት። ባለሙያው ከሄደ ከሳምንታት በኋላ «ካሜራው ዛሬ ጠዋት ጠፋ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሚክሮቲክ ግን ትእዛዙን እንደተቀበለ ያስቀምጣል። ስሕተቱንም እንዲሁ ስለሚያስቀምጥ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ለውጡን የሚመልሰው «ሴፍ ሞድ» ሳይከፈት ትራንክ መንካት አይገባም።

ያገለገለ የሲስኮ ካታሊስት 2960 ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ሆኖም ሲገዛ ሞዴሉ ተለይቶ ይታይ። 24ቲቲ የሚለው 24ቱም ፖርቶች 10/100 ናቸው፣ የፋይበር ቀዳዳም የለውም። 24ቲሲ የሚለው ግን ሁለት የፋይበር ቀዳዳ አለው። ትልቁ አደጋ ቪቲፒ ነው፤ የሲስኮ ስዊቾች የቪላን ዝርዝራቸውን በትራንክ የሚለዋወጡበት ዘዴ። ከሌላ ድርጅት የመጣ ስዊች የዶሜን (የቪቲፒ ቡድን) ስሙ ከእናንተ ጋር ከገጠመና የሪቪዥን (የዝርዝሩ ለውጥ) ቁጥሩ ከበለጠ፣ ትራንኩ በተሰካበት ቅጽበት የነባሮቹን ስዊቾች ቪላኖች በራሱ ዝርዝር ይተካቸዋል። ስለዚህ ከመሰካቱ በፊት የቆየው ኮንፊግ (ቅንብር) ይሰረዝ፣ «ቪላን.ዳት» የሚባለው ፋይል ለብቻው ይጥፋ፣ ከዚያም የሌላውን ዝርዝር እንዳይቀበል «ቪቲፒ ሞድ ትራንስፓረንት» ይደረግ። የሲስኮው ፖርት ከፋብሪካ «ዳይናሚክ አውቶ» (ሌላው ጫፍ ካልጠየቀው ትራንክ የማይሆን) ሆኖ ስለሚመጣ ከሚክሮቲክ ጋር በራሱ ትራንክ አይሆንም፤ የፖርቱ መብራት ይበራል፣ 10፣ 20 እና 30 ግን አያልፉም። «ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ» ብሎ በግልጽ ማዘዝ ነው። ኋላ ቪላን 40 ሲጨመር «አላውድ ቪላን አድ 40» ይባል። «አድ» የምትለዋ ቃል ከተረሳች ትራንኩ የሚያሳልፋቸው ቪላኖች ዝርዝር ውስጥ 40 ብቻ ይቀርና ግቢው በሙሉ ይቋረጣል።

ሚክሮቲክ ሲአርኤስ326 24 የጊጋቢት ፖርትና ሁለት የፋይበር ቀዳዳ አለው። ከ10 እስከ 30 ቮልት ዲሲ ስለሚቀበል በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ለእነዚህ ሰፈሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩ ቅደም ተከተል ይፈልጋል፦ መጀመሪያ ቪላኖቹን ብሪጁ (ፖርቶቹን የሚያገናኘው የስዊቹ ውስጣዊ ክፍል) ላይ መመዝገብ፣ የትራንኩን ፖርት ታግድ (የቪላን ቁጥር ተለጥፎ የሚያልፍበት) ማድረግ፣ ስዊቹን ለማስተዳደር በሚያገለግለው ቪላን ውስጥ ብሪጁን ራሱን መጨመር፣ ለእያንዳንዱ ተራ ፖርት ፒቪአይዲ (ቁጥር ሳይለጠፍበት የሚገባው መረጃ የሚመደብበት ቪላን) መስጠት። ይህን ሁሉ ሥራ ላይ የሚያውለው «ቪላን ፊልተሪንግ» የሚበራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከበራ ወደ ስዊቹ መግቢያው ይዘጋባችኋል። በርካሽ የሚገኙት አሮጌዎቹ ሲአርኤስ1 እና ሲአርኤስ2 ዘሮች በዚህ መንገድ ሲሠሩ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚወድቅ ይንቀራፈፋሉ።

ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ስምንት ፖርት፣ እስከ 32 ቪላን ነው። የፋይበር ቀዳዳም ኮንሶልም (ስዊቹን በቀጥታ በገመድ የሚያዙበት ፖርት) የለውም። ለጥበቃ ቤትና ለጥቂት ካሜራዎች ይበቃል። የተለመደው ስሕተት ፖርቱን በቪላን 20 አንታግድ (ቁጥር ሳይለጠፍ የሚያልፍበት) አድርጎ ፒቪአይዲውን 1 ላይ መተው ነው፤ ወደ ካሜራው የሚሄደው ይደርሳል፣ ከካሜራው የሚወጣው ግን ቪላን 1 ውስጥ ይገባል።

ርቀቱ ከ100 ሜትር ካለፈ የመዳብ ኬብል አይሆንም። ከዚያ በታችም ቢሆን፣ ኬብሉ ከሕንፃ ሕንፃ በአየር ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ በክረምት መብረቅ ምክንያት ፋይበር ይሻላል። ይህ ቲፒ-ሊንኩን ከምርጫው ያስወጣዋል። ሲስኮ ደግሞ የራሱ ያልሆነ የፋይበር ሞጁል ሲሰካበት ፖርቱን ሊዘጋ ይችላል።

ለአዲስ ግቢ ምርጫችን በሁለቱም ጫፍ ሲአርኤስ326 ነው። ሲስኮ የሚያዋጣው ኮንሶል የሚያውቅ ሰው በቅርብ ላለው ነው። የተለያየ ብራንድ ከተቀላቀለ የሁለቱ ጫፎች ኔቲቭ ቪላን (ትራንኩ ላይ ቁጥር ሳይለጠፍበት የሚያልፈው) አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ካልተመሳሰለ፣ የቢሮ ኮምፒውተር የካሜራውን ቪላን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሊወስድ ይችላል፣ ሲስኮ ከሲስኮ ጋር ካልሆነ ደግሞ የሚያስጠነቅቅ መልእክት አይመጣም።

ርክክብ ከመፈረሙ በፊት በሩቁ ጫፍ ላፕቶፕ በየቪላኑ ፖርት ሰክቶ አይፒውን ማየት፣ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ አብርቶ ያንኑ እንደገና መፈተሽ ነው።