ከአባይ ማዶ ያለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት፦ ቦቄን ያቆመልኝ

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል ሲሆን ሁላችንም አስተያየት እንጽፋለን። ጥጃ የታመመበት ሰው «የት ልውሰዳት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የሚነግረው አያገኝም። ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ እንደ እኔ በግቢው ጥግ አንድ ሁለት ላም ይዞ ለሚኖር ሰው ነው።

መድኃኒት ቤቱ ከአባይ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ ስትሄዱ በግራ በኩል፣ ሰማያዊ የብረት በር ያለው ጠባብ ቤት ታገኛላችሁ። ታፔላው ላይ «የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ» ከሚለው ሌላ ስም የለም። ባለቤቱ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ሳላስፈቅድ የሰው ስም ማውጣት አልወድም።

ቦቄ የላሜ የሸጊቱ ሁለተኛ ልጅ ናት። ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዶፍ ሲጥል ባደረበት ሌሊት ተወለደች። በዘጠኝ ቀኗ ያስቀምጣት ጀመር። መጀመሪያ ቢጫ ነበር። በማግስቱ እንደ ውኃ ቀጠነ። ጭራዋም የኋላ እግሮቿም ተለወሱ።

መጀመሪያ የሄድኩት ለቤቴ ወደሚቀርብ ሌላ ሱቅ ነበር። ሻጩ ዕድሜዋን አልጠየቀኝም። ክብደቷንም አልጠየቀኝም። «ተቅማጥ ነው? ይኸውልሽ» ብሎ ክኒን ሰጠኝና ሂሳቡን ተቀበለ። ሁለት ቀን ሰጠኋት። አንዲት ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ «ወተቱን ከልክያት፤ የሚያባብሰው እሱ ነው» አሉኝ። ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው፤ እሳቸውም በቅን ልብ ነው ያሉት። ከለከልኳት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በረት ስገባ በጎኗ ተዘርራ አገኘኋት። ስሟን ጠራሁ። ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

ባለቤቴ በባጃጁ አባይ ማዶ አደረሰኝ። ሱቁ ገና መከፈቱ ነበር። «ጠንካራ መርፌ ስጠኝ» አልኩት። አልሰጠኝም። «እትዬ፣ መጀመሪያ ልጠይቅዎት» አለኝ። ስንት ቀኗ ነው? እንገሩን በተወለደች በስንት ሰዓቷ ጠባች? ምን ያህል? ጣትዎን አፏ ውስጥ ቢያስገቡ ትጠባለች? ሙቀቷ ስንት ነው? የመጨረሻውን መመለስ አልቻልኩም። የጥጃ ሙቀት በቤት ይለካል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስለ እንገሩ እውነቱን ነገርኩት። ሌሊት ስለተወለደች ነግቶ፣ ላሚቱን ካለብኩ በኋላ ነው ያጠባኋት። አልተቆጣኝም። ጥጃ የበሽታ መከላከያ ይዛ እንደማትወለድ፣ የምታገኘው ከእንገሩ እንደሆነ አስረዳኝ። አንጀቷ ያንን ወደ ደሟ ማሳለፍ የሚችለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በ6 ሰዓት ውስጥ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል መጥባት አለባት፤ 30 ኪሎ የምትመዝን ጥጃ ወደ 3 ሊትር መሆኑ ነው። ላም ሳረባ ስንት ዓመቴ ነው፤ ይህን በቁጥር የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሱቁን ዘግቶ በሞተር ሳይክሉ ተከተለን። በረት ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጦ መልቀቅ ነበር። የጤነኛ ጥጃ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። የቦቄ ቆዳ ግን ተቆንጥጦ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰምጧል። አፏን እኔም እንድነካው አደረገኝ። ቀዝቅዟል። ጣቱን ሲያስገባ አልጠባችውም። ቴርሞሜትሩ 36.8 አለ። የጥጃ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 መሆን ነበረበት።

«እትዬ፣ የሚገድላት ከሰውነቷ የወጣው ውኃና ጨው ነው» አለኝ። ክኒኑ ለምን እንዳልሠራም ነገረኝ። የጥጃን ተቅማጥ ከሚያመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ቫይረስና ጥገኛ ተህዋስ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም።

መጥባት ስላልቻለች በአፏ መጋት አይሆንም ነበር፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። በደም ሥሯ ሰጣት። እኛ ጉሉኮስ የምንለው ነው፤ እሱ ግን «ሪንገር ላክቴት» ብሎ ጠራው። ከረጢቱን መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጠው። የበረደ ሰውነት ላይ ቀዝቃዛ ፈሳሽ አይለቀቅም። የአንገቷን ፀጉር በምላጭ ላጨ፣ መርፌውን ሰካ፣ ከረጢቱን በገመድ ከበረቱ ወራጅ ላይ አንጠለጠለ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንድ አዛውንት «የፎገራ ጥጃ ቢሆን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ፤ ክልስ ስስ ነው» አሉ። የፎገራ ከብት የዚሁ የጣና ዳር ልጅ ስለሆነ አገሩን ይችላል፤ እውነት አላቸው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት መስማት የምፈልገው አልነበረም።

ሁለተኛው ሊትር ሊያልቅ ሲል ቦቄ ሸናች። ዶክተሩ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። «ኩላሊቷ ሠራ» አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ አብሮን ቆየ።

ይህን ቤት እንድትሄዱበት የምለው ግን ከመርፌው ይልቅ ለኋላው ነው። ሲሄድ የመድኃኒት ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጻፈልኝ። ያን ካርቶን እስከ ዛሬ በረት ግድግዳ ላይ ሰክቼዋለሁ። መጥባት ከቻለች ወተት አይከልከላት፤ ጉልበት የምታገኘው ከእሱ ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣት። በመሃል፣ ከወተቱ ሁለት ሰዓት አራርቆ፣ ለምለም (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ትጠጣ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከወተት ጋር አይቀላቀልም። በጎኗ ተዘርራ አትተኛ። በየሁለት ሰዓቱ ትገላበጥ። ከእሷ ጋር የቆየ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከጥጃ ወደ ሰው የሚተላለፍ ተቅማጥ አለ። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፤ ልጄ ቦቄን አቅፋ ስትስማት አይቶ ነው።

የሐምሌ በረት መቼም ውኃ ያቁራል። ከጣና ዳር ደንገል የሚያመጣ ሰው ስለማውቅ ደረቁን ገዝቼ ከሥር አነጠፍኩ፣ የጤፍ ጭድ ከላይ ደረብኩ። አዛባውን እያነሳሁ ጭዱን በቀን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሁለት ጆንያ በጭድ ሞልቼ ግራና ቀኝ ደገፍኳት፤ በደረቷ እንድትተኛ ነው። ሌሊቱን ከልጄ ጋር ተከፋፈልነው። እስከ ስምንት ሰዓት እሷ፣ ከዚያ እስኪነጋ እኔ።

በማግስቱ ማታ ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ ያዘችው። ደካማ ነበር፤ ግን ጠባችው። በረት ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

ጡጦውን ከዚያ ወዲያ አልተወችም። መቆሙ ግን አስቸገረን። ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። «ከብት ሲነሳ ከኋላው ነው የሚጀምረው። የኋላዋን አንሱላት፣ የፊቱን ራሷ ትጨርሰዋለች» አለኝ። ጆንያ ከሆዷ ሥር አሳልፈን እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ያዝን። እግሮቿ ነፋስ እንደመታው ሸምበቆ ይንቀጠቀጣሉ። ጥቂት አቁመን አሳረፍናት፤ እግሯን በደረቅ ጨርቅ አሸናት፤ ከሰዓታት በኋላ ደግመን አነሳናት። ሐኪሙ ባያት በአራተኛው ቀን ጠዋት ወተት ይዤ ስገባ ቆማ ጠበቀችኝ። ያቆማት ሰው አልነበረም።

ሂሳቡን ልናገር። ቤት ድረስ መምጫው 500 ብር ነው። ፈሳሹ፣ መርፌውና ለምለሙ ተደምሮ 1,150 ብር ከፈልኩ። ቴርሞሜትር ለብቻው ገዛሁ። በስልክ ለመለሰልኝ አልጠየቀኝም፤ ስድስት ጊዜ ያህል ደውያለሁ። ክልስ ጊደር ዛሬ ስንት እንደምታወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ውድ አይደለም።

ቅሬታም አለኝ። ረዳት የለውም። ለጥሪ ሲወጣ ሱቁ ይዘጋል። ከገጠር በእግሩ የመጣ ሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። በሩ ላይ የስልክ ቁጥርና የሚመለስበትን ሰዓት ቢለጥፍ ምን አለበት? ነግሬዋለሁ፣ «እሺ» ብሎኛል፤ ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ግን አልተለጠፈም። ደረሰኝም ካልጠየቃችሁት አይሰጥም።

ቦቄ አሁን ድርቆሽ መቆርጠም ጀምራለች። ሸጊቱ ደግሞ እንደገና አርግዛለች። በዚህኛው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እንገሩን በሰዓቱ አልቤ አጠባለሁ።

ወደ እሱ ስትሄዱ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ለጥሪ ይወጣል። የጥጃችሁን ሙቀትም ለክታችሁ ሂዱ፤ ይጠይቃችኋል።