የጤና መድን እድሳት በከተማዋ ዳርቻ፦ አክስቴን ይዤ የሄድኩበት መስኮት

ይህ አስተያየት ከአያት አልፎ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ስለሚሰጠው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባና እድሳት አገልግሎት ነው። ወደዚያ የሄድኩት የ71 ዓመት አክስቴን ይዤ ሲሆን፣ እርሷም የደም ግፊት ክትትሏን የምታደርገው በዚሁ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም የማልጠቅሰው፣ ያየሁት ጉድለት የአንድ ቦታ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው።

ከዚያ ቀን አስቀድሞ አንድ ሰው ለአክስቴ ደውሎላት ነበር። ሙሉ ስሟን ጠርቶ፣ በትሕትና «እማማ» እያለ፣ የዓመቱን መዋጮ ከቀትር በፊት ካልከፈለች ከመዝገብ እንደምትሰረዝና የግፊት መድኃኒቷንም እንደማታገኝ ነገራት። መድኃኒት የሚለውን ቃል ስትሰማ ሌላውን ለማመዛዘን ጊዜ አላገኘችም። ከፎቁ ሥር ወዳለው ሱቅ ወርዳ የሱቁን ልጅ በቴሌብር 2,000 ብር እንዲልክላት አደረገች። ሰውየው ወዲያው መልሶ ደወለና በስልኳ የገባላትን የሚስጥር ቁጥር እንድታነብለት ሲጠይቃት፣ ልጁ ነገሩ አላምር ብሎት ስልኩን ተቀብሎ ዘጋው። በሂሳቧ የቀረው ገንዘብ የተረፈው በዚያ ልጅ ንቃት ነው፤ የተላከው 2,000 ብር ግን አልተመለሰም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። የመድን ክፍሉ ሠራተኛ አሮጌውን የአባልነት መታወቂያ ተቀብሎ መዝገቡን ገልጦ ካየ በኋላ፣ «እማማ፣ አባልነትዎ አልተቋረጠም፤ የእድሳቱ ጊዜም ገና ሳምንታት ይቀሩታል» አላት። ይህን ሲናገር አልቸኮለም፤ ስሟ የሰፈረበትን መስመር በጣቱ እያመለከተ አሳያት። መዋጮውን ተቀብሎ ተራ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ጻፈላት፤ በደረሰኙ ላይ ያለው የገንዘብ መጠን ከከፈለችው ጋር አንድ መሆኑንም ጮክ ብሎ አነበበላት። ስለ ስልኩ ስንነግረው፣ መዋጮ በግለሰብ ስልክ ቁጥር ወይም በግለሰብ የባንክ ሂሳብ ፈጽሞ እንደማይሰበሰብ አስረዳን። ከኋላችን ለቆሙት አዛውንትም ሳይጠየቅ ያንኑ ደገመላቸው። ለዚህ ሠራተኛ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር፣ ይህን ማብራሪያ ለማግኘት ሰው መጀመሪያ መዘረፍ የነበረበት መሆኑ ነው። አክስቴ ሞኝ አይደለችም፤ የዕቁብ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ያለ አንድ ሳንቲም ጉድለት የያዘች ሴት ናት። በቀድሞው የመሀል ከተማ ሰፈሯ የመንግሥት ጉዳይ ሁሉ በዕድርና በቡና ላይ ስለሚነገር፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ቢደርሳት ምሳ ሳይደርስ ሦስት ጎረቤት ትጠይቅ ነበር። ቤቷ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ከመጣች በኋላ ግን በየወለሉ ያለው ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ዕድሩም ገና አልጠነከረም። ስለ እድሳቱ ጤና ጣቢያው የለጠፈው ማስታወቂያ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅሏል፤ እርሷ ደግሞ ያለ መነጽር አታነብም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ስለ ጤና መድኗ በቀጥታ ያናገራት ብቸኛው ሰው ሌባው ነበር። አገልግሎቱ ዝም ባለበት ክፍተት አጭበርባሪው ገብቶ ተናገረ ማለት ነው።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው መድኑን ስለምወደው ነው። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ ሥርዓት ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፍለው መዋጮ እንዲታከም ያስችላል፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። በዚህ በኋለኛው ጉዳይ ላይም ተመሳሳይ ማታለል እንዳለ ከጎረቤት ሰምቻለሁ፤ በነጻ ታካሚዎች ዝርዝር አስገባችኋለሁ እያሉ ከድሀ አረጋውያን «የማስፈጸሚያ» የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። መክፈል ስለማይችል ብቻ የሚመዘገብ ሰው ለምዝገባው ገንዘብ የሚጠየቅበት ምክንያት እንደሌለ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደጋግመን መንገር አለብን። በቴሌብር የሚልክ ሰውም ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ያንብብ፤ በአክስቴ ጊዜ የመጣው የአንድ ተራ ሰው ስም ነበር፤ ያነበበው ግን አልነበረም።

ስለ ቀረው ባጭሩ ልበል። ወረፋው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ በመስኮቱ ፊት አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ ስለሌለ ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። የላቦራቶሪ ምርመራው ያለ ክፍያ ተሠራላት፤ ከታዘዙላት ሁለት መድኃኒቶች ግን አንዱ ስላልነበረ ከውጭ ገዛን። አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ሰው ማልዶ ቢደርስ፣ መታወቂያውንና ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ቢይዝ ይመረጣል።

ከመውጣታችን በፊት በአስተያየት መስጫው ሣጥን ሁለት ጥያቄ ጽፌ ከተትኩ። የመጀመሪያው፣ «መዋጮ በስልክ አይጠየቅም» የሚል ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በዓይን ትይዩ እንዲለጠፍ ነው። ሁለተኛው፣ የእድሳቱ ጊዜ ከመድረሱ በፊት ሠራተኞች በየብሎኩ ዕድር ስብሰባ ላይ ተገኝተው ቀኑንና የሚከፈለውን መጠን እንዲናገሩ ነው። አክስቴ ስጽፍ ጠብቃ፣ «የመድኃኒቱንም ጨምርበት፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው» አለችኝ፤ እኔም ማንም በስልክ መድኃኒት ሊከለክል እንደማይችል ጭምር እንዲነገር ከታች ጨመርኩበት።