ለእናቴ አፍ ለሆነችው አስተርጓሚ

ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን የአሜሪካ የምስጋና ቀን ነው። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ማዕድ ይቀርባል። ለልጆቹ የተርኪ ጥብስ አለ። እናቴ ግን የነቢያት ጾም ሰኞ ስለገባ ሽሮዋን፣ ምስር ወጧንና ጎመኗን ይዛ በጠረጴዛው ራስ ትቀመጣለች። የዛሬ ዓመት በዚሁ ቀን ከመኝታ ቤቷ ተነሥታ ሳሎን እስክትደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ አርፋ ነበር። ስለዚህ ማዕዱ ሳይቆረስ በፊት አንዲት ሴት ማመስገን አለብኝ። ሐኪም አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም። የሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ናት።

ስሟን አልጽፍም። ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «የእኔን ስም ተይውና አገልግሎቱ መኖሩን ለሰው ንገሪ» አለችኝ። እንግዲህ ልንገራችሁ።

የእናቴ ሕመም ሥሩ ሩቅ ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን የሚያዝላት ሐኪም በአቅራቢያ አልነበረም፤ እንጥሏን አስቆረጧት፤ በዚያው ታለፈ። በወቅቱ በመድኃኒት ያልታከመ እንዲህ ያለ የጉሮሮ ሕመም በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብን ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ የሚከፈትና የሚዘጋውን በር፣ እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ብቅ እንደሚል ያወቅነው በዚህ ዓመት ነው። እናቴ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት «ብርድ መታኝ» ትል ነበር። ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ተነሥታ ስትቀመጥ ደግሞ ጨጓራዬ ነው ትላለች። እኔም አምኛት ሰነበትኩ።

ጥር ላይ አንድ ክሊኒክ ሄደች። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የወሰዳት ባለቤቴ ነው፤ እርሱ መኪና ሊያቆም ሲሄድ የ13 ዓመት ልጄ አብሯት ገባ። ሐኪሙም ባለቤቴ እስኪመለስ አልጠበቀም፤ የሚነግረውን ሁሉ በልጁ በኩል ነገራት። ልጄ «ቫልቭ» በአማርኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ብዙ እንደማትቆይ ግን በሚገባ ተረድቷል። ለአያቱ የነገራት «እማማ፣ ልብሽን ትንሽ ያስተካክሉልሻል» ብሎ ብቻ ነው። ማታ ስመለስ ክፍሉን ዘግቶ ሲያለቅስ አገኘሁት። ይህን የምጽፈው ያንን ክሊኒክ ለመክሰስ አይደለም፤ በእናንተ ቤት እንዳይደገም ነው። ልጅ ለአያቱ የሞት መርዶ ነጋሪ ሊሆን አይገባውም።

ነገሩን ያስተካከለችው ቀዶ ሕክምናው ወደሚደረግበት ሆስፒታል በተላክን ቀን ያገኘናት ነርስ ናት። እኔ ላስተረጉም ስዘጋጅ አይታ «አንቺ ዛሬ ልጇ ብቻ ሁኚ» አለችኝና አስተርጓሚ ጠራች። ክፍያው ስንት ነው ስላት ምንም እንደማንከፍል ነገረችኝ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ ያለክፍያ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ገጥሞ አስተርጓሚ ካልታጣ በስተቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድም። በዚህ አገር 16 ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

አስተርጓሚዋ ገብታ አስቀድማ ሥርዓቷን ነገረችን። የሚባለውን ሁሉ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ታስተላልፋለች፤ የሰማችውን ከክፍሉ አታወጣም፤ እንዲተረጎም የማንፈልገውን ነገር እፊቷ አንናገር። የምትናገረውም በተናጋሪው አፍ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሲናገር እርሷ «ደረትዎን ከፍቼ የተበላሸውን ቫልቭ በሰው ሠራሽ የምተካልዎ እኔ ነኝ» ስትል እናቴ ደንግጣ «ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትከፍቺኝ?» አለቻት። በክፍሉ የነበርን ሁሉ ሳቅን። እናቴም ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልረሳውም። እናቴ ወደ ሐኪሙ ዞራ «እሞታለሁ ወይ? እውነቱን ንገረኝ፤ ንስሐ አባቴን ልጥራ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ባስተረጉም ኖሮ ጥያቄውም መልሱም አፌ ውስጥ ይቀር ነበር። አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ አስተላለፈች። ሐኪሙም ወንበሩን አስጠግቶ፣ አደጋውንም ተስፋውንም ሳይሸሽግ መለሰላት። እናቴ የራሷን ሕመም ከራሷ ሐኪም አፍ የሰማችው ያን ቀን ነው። ወረቀቱን ስትፈርም እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ቀዶ ሕክምናው ሚያዝያ ላይ ተደረገ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ወጣች። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደሙ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ይውጣል። መጀመሪያ የተቸገርነው በስሙ ነው። ሰው ሁሉ «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል፤ እናቴም «ደሜን ካቀጠኑት ምን ይተርፈኛል?» ብላ ፍሬዎቹን ትራሷ ሥር ስትደብቅ ያዝኳት። በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚዋ ፍርሃቷን እንዳለ ለሐኪሙ ነገረችው። መድኃኒቱ ደም እንደማያሳንስ፣ የሚያደርገው የረጋ ደም እንዳይፈጠር መከላከል ብቻ እንደሆነ እርሱ አስረዳ፤ እርሷም በእናቴ አማርኛ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ እናቴ መድኃኒቷን አልደበቀችም።

ከባዱ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። አንድ ምሽት አፍንጫዋ ይደማ ጀመርና አልቆም አለ፤ ክንዷም በላይ በላዩ ጠቋቁሮ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አይ ኤን አር የሚሉትን የደም መርጋት ልኬት ወሰዱ። ለእናቴ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን የነበረበት ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ ጠየቀች። እኔ በእንግሊዝኛ «በ8 ሰዓት» አልኩ። እናቴም በአማርኛ «በ8 ሰዓት» አለች። ሐኪሟ ጻፈች። ሁላችንም ተስማምተናል።

ተረኛዋ ያቺው አስተርጓሚ ነበረች። ቃሉን ካስተላለፈች በኋላ እጇን አንሥታ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ለመጠየቅ ፈቃድ ትጠይቃለች» አለች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«8 ሰዓት ሲሉ ከምሳ በኋላ ነው ወይስ ከእራት በኋላ?»

«ከምሳ በኋላ ነዋ! ብልቃጡ ላይ 8 ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ማታስ?»

«ማታማ ልጄ የምትሰጠኝን እውጣለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ ቀን ስተኛ፣ እናቴ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ሲሆን ከብልቃጡ አውጥታ ትውጣለች። ማታ ደግሞ የአሜሪካኑ 8 ሰዓት ሲደርስ እኔ ከሌሎቹ ፍሬዎች ጋር ቀላቅዬ እሰጣታለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እጥፍ ወስዳለች። ሐኪሟ ይህን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። እኔም ሁለቱን ሰዓት እያወቅሁ ልብ አላልኩም። ስሕተቱን የያዘችው አንዲት ቃል ሰምታ ያላለፈች ሴት ናት። እናቴ ሦስት ቀን ተኝታ ልኬቱ ወረደ፤ ወደ ቤት መለስናት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ልኬቷን ልናሳይ ሄድን። ሐኪሟ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒቱን ስለሚያዳክም ኬል ወይም ስፒናች ትበላ እንደሆነ ጠየቀች። እናቴ በእውነት ሁለቱንም በልታ አታውቅም፤ «አልበላም» አለች። አስተርጓሚዋ አሁንም ፈቃድ ጠይቃ፣ ጎመን የሚባል እንዳለና በኢትዮጵያውያን ጾም ከማዕድ የማይጠፋ እንደሆነ ገለጸች። መልሱ ጎመን ተይ የሚል አልነበረም፤ በየሳምንቱ መጠኑ እኩል ይሁን፣ ልኬቱም ቶሎ ቶሎ ይታይ የሚል ነው። እናቴ ጎመን ሳትከለከል ጾሟን ገባች። ለእርሷ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዘንድሮ ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በረንዳ ላይ ዕጣን አጨሰች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲፈጀው ከቤተሰቧ እነማን እንደተረፉ አያቷ የነገረቻትን ለልጄ ስትተርክለት ሰማሁ። ሊንከንም ይህን የምስጋና ቀን እ.ኤ.አ. በ1863 ያወጀው የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ነው ብሎ ልጄ በተራው ነገራት። ሁለቱ ሲጨዋወቱ ብዙ ሰዓት አለፈ፤ ማስተርጎም ያስፈለገውም የለም።

እናቴ ለአስተርጓሚዋ ድፎ ዳቦ ጋግራ ወስዳላት ነበር። ሥራዋ ስጦታ መቀበል ስለማይፈቅድላት በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ስማ፣ መልሳ ሰጠቻት። ስለዚህ ያለኝ ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ወላጅ ወይም ዘመድ የምታሳክሙ ሁሉ ቀጠሮ ስትይዙ ገና በስልክ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ፤ በመዝገቡ ላይ የታካሚው ቋንቋ አማርኛ ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀናቸው ከሆነ እርሱኑ ጠይቁ። በአካል የሚመጣ ከሌለ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኟችኋል። አንዴ የለም ቢሏችሁ ድጋሚ ጠይቁ፤ ልመና አይደለም። እንግሊዝኛ የምትችሉ ልጆችም ብትሆኑ ጠይቁ። የመድኃኒት ሰዓት ሲነገራችሁ ደግሞ ከቁርስ፣ ከምሳ ወይስ ከእራት በኋላ እንደሆነ አስረግጡ። የእናቴ የመድኃኒት ሣጥን ላይ አሁን በትልልቅ ፊደል «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የሚል አለ።

ይህን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ናት። ለአስተርጓሚዋ ምን ልጻፍልሽ አልኳት። «ልጄ፣ አፍ አጥቼ አፍ ሆንሽኝ። የአንደበትሽን ወዝ አይውሰድብሽ። እናትሽ በሰው አገር ስትታመም ቃሏን የሚሰማላት አትጣ። ሐሙስ ማዕዱን ስቆርስ ስምሽን እጠራለሁ» አለች። ሳልጨምርና ሳልቀንስ ጻፍኩት።