ፊውዝ መንቀል ወይስ በፊውዙ ላይ መለካት?

አዳማ ውስጥ ባትሪ ሲደክም ጥፋቱ ሁሉ በሙቀቱ ይሳበባል። ሙቀት ባትሪን እንደሚያስረጅ እውነት ነው፤ አዲስ ባትሪ ቆሞ በዋለ መኪና ላይ በሦስት ቀን ካለቀ ግን የሚመጥጠው ነገር አለ።

ይህን ለማግኘት የተለመደው ዘዴ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) አምፔር ላይ አድርጎ በገመዱና በባትሪው መሀል ማስገባት፣ ከዚያም ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ንባቡ ለምሳሌ ከ400 ሚሊአምፔር ወደ 30 የወረደበት ፊውዝ መስመሩን ይጠቁማል። ለአሮጌ ኮሮላ ይህ ይበቃል። ብቻ ቴስተሩ እንደተገናኘ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር! የብዙዎቹ አቅም 10 አምፔር ነው፤ ሞተር ማስነሻው ከመቶ በላይ ይስባል።

አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ (የሚስቡት ጅረት እስኪወርድ) ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ፊውዝ ነቅሎ መመለስ ደግሞ መልሶ ይቀሰቅሳቸዋል። እዚህ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፦ ምንም ሳይነቀል በፊውዙ ጀርባ ብቅ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች በሚሊቮልት መለካት። ከዜሮ በላይ ካነበበ ጅረት እያለፈ ነው። ርካሽ ቴስተር ግን ትንንሾቹን ንባቦች ይስታል።

ሁለቱም ምንም ካላሳዩ የዲናሞው ዲዮድ (ጅረት ከባትሪው ወደ ዲናሞው እንዳይመለስ የሚያግደው ክፍል) ይፈተሽ፤ ወፍራሙ ገመዱ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ትንንሽ ፊውዞች አያልፍም።